ፊንታንን ወደ ቤት መመለስ

ዮርክሺር፣ እንግሊዝ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1969

ለተከበሩ አክስቴ ለዲሊያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስዎ። ይህ ደብዳቤ በጤና እንዲያገኝዎት እመቤታችንን እለምናለሁ። እኔ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። የገና ኬኩ ደርሶኛል። ግማሹ መንገድ ላይ ተፈርፍሮ ስለነበር በማንኪያ በላሁት።

ሁለተኛ ዓመቴን ጀምሬያለሁ። የተመደብኩት የአሮጊቶች ክፍል ነው፤ አርባ ሁለት አልጋ፣ አርባ ሁለት ሴት። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ምን ትሠራለች ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ ይቸግረኛል። ሌላ ሆስፒታል ያሉት ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ እንቀመጣለን። አስተማሪያችን ሚስ ክሌግ «ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ሕመምተኛዋ ዝም ካለች እናንተም ዝም በሉ፤ ዝምታው ስላስፈራችሁ ብቻ አትቀባጥሩ» ትለናለች። የእኛ አገር ሰው ዝምታ ሲጨንቀው ስለ ዝናብ ያወራል። እኔም ሁለት ጊዜ ስለ ዝናብ ሳወራ ሁለት ጊዜም ተቆጥታኛለች።

ሰሞኑን የወይዘሮ ሆልትን መዝገብ እንድገለብጥ ታዝዤ ነበር። ጸጥ ያለች ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ጠያቂዎች የሚጻፉበት ገጽ ላይ በ1931 የባሏ ስም አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ያን ባዶ ገጽ ሳይ አጎቴ ፊንታን ትዝ አለኝ።

አክስቴ፣ እናቴ ሞታ እርስዎ ቤት ካደግኩበት ጊዜ ጀምሮ የእሱ ስም በተነሳ ቁጥር ተነስተው ወደ ላሟ ይሄዱ ነበር። እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት ቀድሞ ላይኛው ግቢ የሚሉት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደገባ ብቻ ነው የማውቀው። አሁን አሠራሩ እየተለወጠ ነው። ቤተሰብ እቀበላለሁ ብሎ ከፈረመ፣ የቆዩ ሕመምተኞች ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው፤ በእኛም አገር ተጀምሯል ይላሉ። ወንድምዎ እዚያ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ገብተው ቢያዩት ምን ይመስልዎታል?

አክባሪዎ ልጅዎ
ኖሪን


ድሩምኪል፣ አየርላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1969

ይድረስ ለልጄ ለኖሪን፣

እንደምን ከርመሻል? ቅዱሳን ሁሉ ይጠብቁሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝም ብሏል። ከገና ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ይህን እንኳ ብጽፍልሽ ሚስ ክሌግ አትቆጣኝም መሰለኝ።

እንግሊዞች ለመቀመጥ ደመወዝ የሚከፍሉ ከሆነ ጎረቤታችንን ሂዩይን ልላክልሽ። ዕድሜውን ሙሉ ሲለማመድ ነው የኖረው።

ስለ ፊንታን ጠየቅሽኝ። በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ከቅዳሴ መልስ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በብስክሌት ላይኛው ግቢ ድረስ እሄዳለሁ። የዘቢብ ኬክና ሁለት ፓኮ ትምባሆ ለፊንታን እንዲያደርስልኝ ለበረኛው እሰጣለሁ። አንድ ወር አጓድዬ አላውቅም። ወንድሟን ረሳች የሚል ካለ መጥቶ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ከበሩ አልፌ ግን አልገባም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም አንቺን ለምን እንግሊዝ ሄድሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም።

ሌላ ወሬ ጻፊልኝ። ካፖርትሽ ይሞቃል ወይ? ምግቡ እንዴት ነው?

አክስትሽ ዲሊያ


ዮርክሺር
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1969

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን እግዜር ያበርታልዎ። ካፖርቴ ይሞቃል። ምግቡ ጎመኑን ጨምሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

ክፍላችን ውስጥ የማይታይ ሰው ድምፅ የምትሰማ ሴት አለች። ሚስ ክሌግ ያለችን ይህ ነው፦ ድምፅ የለም ብላችሁ አትከራከሯት፤ አዎ እንሰማለን ብላችሁም አትዋሿት። «እኔ አይሰማኝም፤ አንቺ ግን እንደፈራሽ ይታየኛል» በሏት። ትናንት እንደዚያ አልኳት። ሴትየዋ እጄን ያዘችና እስከ ሻይ ሰዓት አልለቀቀችኝም። አጎቴም ድምፅ ይሰማ እንደነበር ጎረቤት ሲወራ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እጁን የያዘው ሰው ነበር?

እውነቱን ልንገርዎ፣ አክስቴ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። እዚህ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ «ነርስ» ነው የምባለው። የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ በአውቶቡስ ከተማ ወርጄ የሱቅ መስኮት አይቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀኑን ሙሉ ያነጋገርኩት ሰው ትኬት ቆራጩ ብቻ ነው። የአጎቴ ነገር እንዲህ የሚከነክነኝ ለዚህ ይሆናል።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ አይቆጡኝ። ለላይኛው ግቢ የወንዶች ክፍል ኃላፊ ለሚስተር ጋርቪ ጻፍኩለት። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ እህቱ መጥታ ለምሳ ወደ ቤት ትወስደዋለች አልኩት። ሚስተር ጋርቪ ደስ ብሎት ለአጎቴ እንደነገረው መልሶልኛል። ነገሩ አንዴ ከተቆረጠ እርስዎ እንደማይጨክኑ አውቃለሁ።

ልጅዎ ኖሪን


ዮርክሺር
ማርች 19 ቀን 1969

አክስቴ ሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልስዎ ስለ ዘገየ አሳቤ ተከፍሏል። ደብዳቤዬ አልደረሰም ይሆን? ወይስ አሞዎታል? ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ኖሪን


ዮርክሺር
ኤፕሪል 2 ቀን 1969

አክስቴ፣

ሰኞ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሌላ ምንም አልጽፍም።

ኖሪን


ድሩምኪል
ኤፕሪል 20 ቀን 1969

ኖሪን፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሚስተር ጋርቪ በሞተር ብስክሌት መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ያለኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፣ እንድትማሪበት።

«ፊንታን ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ ተላጨ። ካፖርቱን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎ መስኮቱ ጋ ቆመ። ምሳ ሲባል ‹እህቴ ቤት ነው የምበላው› ብሎ እምቢ አለን። ማክሰኞም ቆመ። ረቡዕም ቆመ። ሐሙስ ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከሻይ በቀር ባፉ የዞረ ነገር የለም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «የማይመጡ ከሆነ ለምን እመጣለሁ አሉ?» አለኝ።

«እኔ አላልኩም» አልኩት።

«እሱ የሚያውቀው እንዳሉ ነው» አለና ቆቡን አንስቶ ወጣ።

ደብዳቤዎችሽ ሦስቱም ደርሰውኛል። ንዴቴ ይበርዳል ብዬ አስቀመጥኳቸው። ይህ ነው ትምህርትሽ? ምንም ሳይጠብቅ የኖረን ሰው አንቺ እንዲጠብቅ አደረግሽው። በእኔ አፍ ቃል ገባሽ። ስድብ ልጨምርበት ነበር፤ ወረቀቱ አለቀ።

ዲሊያ


ዮርክሺር
ኤፕሪል 28 ቀን 1969

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለሚስ ክሌግ ሄጄ ነገርኳት። ጮኻ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለሕመምተኛ የራስሽ ያልሆነ ነገር ቃል አይገባለትም። ይህን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አስተምሬሻለሁ። ደብተርሽ ላይ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«አስምረሽበታል?»

«ሁለት ጊዜ።»

  ከዚያ «ታዲያ ለእሱ እውነቱን ጻፊለት፤ ራስሽን ሳታሳምሪ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ለአጎቴ ጽፌያለሁ። «ኖሪን እባላለሁ፤ የእህትህ የሮዝ ልጅ ነኝ። እህትህ ዲሊያ ስለዚያ ሰኞ ምንም ቃል አልገባችም፤ ሳልጠይቃት ያልኩት እኔ ነኝ። በከንቱ አስቆምኩህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። መቼ እንደማየው አልጻፍኩም፣ ስለማላውቅ።

እርስዎን ደግሞ ይሂዱ አልልዎትም። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አልጠይቅዎትም። ብቻ ጤናዎን ይጻፉልኝ፤ ከእርስዎ ሌላ የሚጽፍልኝ ሰው የለኝም።

ኖሪን


ድሩምኪል
ጁን 1 ቀን 1969

ይድረስ ለልጄ ለኖሪን፣

እግዚአብሔር እጅሽንም ምላስሽንም ይባርክልሽ፤ ምላስሽን በተለይ ይጠብቅልሽ። ይቅር ብዬሻለሁ። ቶሎ ግን አልነበረም።

አሁን የምጽፍልሽን ለካህን እንኳ በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። የዚያን ሰኞ ብስክሌቱን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ስለዚህ ጋርቪ ፊት «አላልኩም» ስል እውነቱን ብናገርም ንጹሕ አልነበርኩም።

ፊንታንን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ሜዳው መካከል ቆሞ ከማይታይ ሰው ጋር ይነጋገር ጀመር። ማንንም አልነካም፣ ማንንም አልሰደበም። ያን ጊዜ ሂዩበርት የሚባል የሌላ መንደር ሰው ሊያገባኝ ቀን ቆርጦ ነበር። እናቱ «እብድ ያለበት ቤት ልጄ አይገባም» አለች። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ይታከማል፤ እዚህ ላይ ፈርሚ» አለኝ፤ ፈረምኩ። ሲወስዱት ፊንታን በመኪናው መስኮት እጁን አወዛወዘልኝ፤ ገበያ የሚሄድ መስሎት ነበር። ሂዩበርት በዚያው መከር ሌላ አገባ። ስድስት ሳምንቱ ሲሞላ አፍሬ ልመልሰው አልሄድኩም። በዓመቱ ደግሞ ሳልሄድ መቅረቴ አሳፈረኝና ከበሩ ማለፍ አቃተኝ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አርጅቼ አገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። በረኛው ኬኩን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ «ዛሬስ ራሴ ነኝ የማስገባው» አልኩት። ፊንታን ደብዳቤሽን ካነበበ በኋላ ገንፎ መብላት መጀመሩን ጋርቪ ነገረኝ። «ይህች ልጅ ቢያንስ አትዋሽም» ብሏል አሉ።

ፊንታን መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እንዳስተማሩሽ። ስለ ዝናብ ልጀምር ስል ምላሴን ነከስኩ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ዝም።  ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና፦

«ዲሊያ፣ ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?»

ሲለየኝ ጥቁር ነበር። «ሸበተ» አልኩት።

«አይዞሽ፣ የእኔ ጭራሽ ጥሎኝ ሄዷል» ብሎ ራሱን አሳየኝ። ሳቅኩ ብዬ አልዋሽሽም፤ አለቀስኩ። እንባዬን እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ስለ ፊርማውም ነገርኩት። «አውቃለሁ፤ በዚያው ጊዜ አሳይተውኛል። ጥሩ ፊርማ አለሽ» አለኝ። ያን ያህል ነው፤ ሌላ አልጨመረበትም። ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

የመቀበያውን ወረቀት ወስጃለሁ። በዚህ ወር ሃያ አራት አመጣዋለሁ። ክፍሉን ነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ።

አክስትሽ ዲሊያ


ዮርክሺር
ጁን 12 ቀን 1969

ለተከበሩ አክስቴ፣

ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ ቤትዎን ይሙላው። ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቆሜ አነበብኩት። ስለ ፈረሙት ፊርማ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። እዚህ መዝገብ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ፊርማ መደርደሪያ ሙሉ ነው ያለው።

ወይዘሮ ሆልት ማክሰኞ ዐረፈች። እጇን ይዤ ነበር። ከዚያ መዝገቧ ላይ፣ ጠያቂ በሚለው ገጽ፣ ስሜን ልጽፍ ፈለግኩ። ሚስ ክሌግ አልፈቀደችልኝም። «አንቺ ሠራተኛ ነሽ፤ ጠያቂ አይደለሽም። እንደ ቤተሰብ ልትሆኚላት አትችዪም፤ ነርስ ሆነሽላታል» አለች። ልክ ነች። ግን ገጹ ባዶ ሆኖ ተዘጋ፤ ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

አጎቴን ሳሙልኝ። የዕረፍት ፈቃዴ ተፈርሟል፤ ኦገስት 9 ቀን እመጣለሁ።

ልጅዎ ኖሪን


ድሩምኪል
ጁላይ 13 ቀን 1969

ይድረስ ለልጄ ለኖሪን፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ የእናትሽ ጸሎት ከላይ ሆኖ ይጠብቅሽ።

ስትመጪ እንዳትደነግጪ ቀድሜ ልንገርሽ፦ ፊንታን እዚህ የለም። በጤናው ነው፤ ተቀመጪና አንብቢው።

በተባለው ቀን አመጣሁት። ድንች ከአሳማ ሥጋ ጋር ቀቅዬለት በላ፤ ሳህኑን ራሱ አጠበ። ክፍሉን አየና «ስንት ሰው ነው የሚተኛበት?» አለኝ። «አንተ ብቻ» ስለው ፊቱ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ከደጅ አሰልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እስክጠራው። በር ፊት ሲደርስ ይቆማል። «ፊንታን፣ ክፍት ነው እኮ!» እለዋለሁ። ይቆማል። እኔ ስከፍትለት «አመሰግናለሁ» ብሎ ያልፋል። ወጥ ቤቱም፣ ሽንት ቤቱም፣ የከብቱም በረት እንደዚያው። ጎረቤታችን ሂዩይ ሊጠይቀው መጥቶ «አዬ ፊንታን፣ አንተ እኮ አላረጀህም!» ሲለው ጎንበስ ብሎ የሂዩይን የጫማ ክር አሰረለት። ላይኛው ግቢ ለሽማግሌዎቹ የሚያስርላቸው እሱ ነው አሉ።

ሜዳውን እንዲያይ ብወስደው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። መለስኩት። ቀን ላይ እኔ ከላሟ ጋር ስደክም እሱ ወንበሩ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሁለት ሰው ሆነን ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ጭር አለብኝ። ብቻዬን ሳለሁ ቢያንስ ከዶሮዎቹ ጋር እጨቃጨቅ ነበር፤ አሁን እሱ እንዳይደነግጥ ድምፄን ቀነስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ዕቃ ሳጥብ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ራሱ ከፈተው፣ ኖሪን! ማንም ሳይነግረው፣ በገዛ እጁ! ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። ግቢውን አለፈ፣ የአጥሩን በር ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ከዚያም በከተማው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከነሽርጤ ሮጬ ደረስኩበት። «ፊንታን፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት።»

እጅጌውን ይዤ ልጎትተው ነበር። እጄን ዘርግቼ መለስኩት። አንድ ጊዜ ሳልጠይቀው ልኬዋለሁ፤ ሳልጠይቀው ላስቀረው ደግሞ አልቻልኩም። «አብሬህ ልሂድ?» አልኩት። «መንገዱ እኮ ረጅም ነው» አለኝ፣ ለእኔ ተጨንቆ።

አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር በእግራችን ሄድን። በአሥራ ሁለት ቀን ያላወራውን እዚያ መንገድ ላይ አወራልኝ። ከጎኑ የሚተኛው ሰው እንደሚያንኮራፋ፣ የቲማቲሙ ተክል ቤት የእሱ ኃላፊነት እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ውሃ አብዝተው እንደሚያጠጡት። ድምፁ አሁንም ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ይመጣል፤ ግን እዚያ ሁሉም የራሱ ስላለው ማንም አያፈጥብኝም» አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሳቁ እንደ አባታችን ነው፤ ረስቼው ነበር።

ደወሉን የደወለው እሱ ነው። ጋርቪ ወጥቶ ሁለታችንን አይቶ «ምን ተፈጠረ?» አለ። «እህቴን ጠይቄ መጣሁ» አለው ፊንታን። ጋርቪ ወረቀት አምጥቶ ብዕሩን ወደ እኔ ሲዘረጋ «እኔ አልፈርምም፤ ይጠይቁት» አልኩት። ዛሬ ሰው በራሱ ፈቃድ መግባት ይችላል ብሎ ሌላ ወረቀት አመጣ። ፊንታን አነበበው፣ እያንዳንዱን መስመር። ከዚያ ፈረመ። ጋርቪ ሆን ብሎ ይሁን አላውቅም፣ በማንኛውም ቀን መውጣት እንደሚችል ሁለት ጊዜ ነገረው።

ልሰናበተው ስል «ሻይ ሳትጠጪ?» ብሎ ወደ ክፍሉ ይዞኝ ገባ። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሃያ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። እኔ በሽርጥ፣ ፀጉሬ ተበትኖ፣ እግሬ አብጦ። ፊንታን ትከሻዬ ላይ እጁን አደረገና፦

«እህቴ ናት» አላቸው። «ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሰው የላትም።»

እንዲህ ብሎ የተናገረልኝ ሰው የለም፤ እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወንበራቸውን እየገፉ ተጠጋጉና ቦታ ለቀቁልኝ።

አክስትሽ ዲሊያ